አባይ በረሃ ላይ ዳገት ያቃተው ቪትዝ፦ ካታሊቲኩን የዘጋው ምን ነበር?

መኪናው እ.ኤ.አ. በ2003 ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ቶዮታ ያሪስ ነው፤ እኛ አገር ሁሉም በደፈናው «ቪትዝ» የሚለው። ሞተሩ ባለ 1.3 ሊትር ቤንዚን፣ ማርሹ ማኑዋል ነው። ባለቤቱ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ሲሆኑ በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ ይመላለሱበታል። ይዘው የመጡት አቤቱታ አጭር ነበር፦ «ቁልቁለቱን እንደ ወፍ፣ ዳገቱን እንደ ኤሊ።» ከህዳሴ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ደጀን ደርሶ ሲቆም ከሥሩ ያለው የካታሊቲክ (በጭስ ቱቦው ላይ ሆኖ ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ቆርቆሮ ቀልቶ ይታያል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም አለው። በማግስቱ ጠዋት ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ግን ምንም የሌለበት ይመስላል።

ከዚህ በፊት ያየው ጋራዥ «ጉልበት የለውም» ሲባል ነዳጅ ነው ብሎ ተነሳ። ፖምፓው ከነፊልትሮው ተቀየረ፣ ኢንጀክተሮቹ ታጠቡ፣ በመጨረሻም ባትሪው ተነቅሎ የቼክ ኢንጅን መብራቱ እንዲጠፋ ተደረገ። ከተሠራው ሁሉ የጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው። ባትሪ ሲነቀል መብራቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ሲመዘግብ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበረ፣ ምን ያህል ጭነት እንደተሸከመና ምን ያህል እንደሞቀ ያስቀመጠው መረጃም አብሮ ይሄዳል። ስካነር (የኮምፒውተሩን ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ሰው መጀመሪያ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ያጠፋል።

ባለቤቱ አንድ ጠቃሚ ነገር አስታወሱ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት በረሃው ዳገት ላይ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ሜዳው ላይ ሲወጡ ግን ዝም ብሎ በርቶ ይቀራል። «ሴንሰር ነው፣ ግድ የለም» ተብለው ነበር። በነዚህ መኪኖች ላይ በርቶ የሚቀር መብራት «አሳየኝ» ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ሌላ ነው፦ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊንደር ሚስ እያደረገ (ቤንዚኑን ሳያቃጥል እያለፈ)፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲኩን እያጠፋው ነው ማለት ነው። የሚደረገውም ያው ነው፤ እግርን ከፔዳሉ ማንሳት፣ ማርሽ መቀነስ፣ ካልተወው መቆም።

ልኬቱ

መጀመሪያ የነዳጁን ጥርጣሬ መዝጋት አስፈለገ። የዚህ ሞተር የነዳጅ ግፊት ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 3 ባር ከምናምን መሆን አለበት። መለኪያው 320 አነበበ፤ ሞተሩ ሲጋለብም አልወረደም። አዲሱ ፖምፓ ጤነኛ ነው። አሮጌውም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ የቫኪዩም መለኪያ፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን የግፊት ጉድለት የሚያነበው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ቆም ማለት ይገባል። መለኪያው ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ያ ቀለም የተቀባው ባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሞተር ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ጠለል ላይ 30 ኢንች የሚሆነው የአየር ግፊት እዚህ 22 ብቻ ነው። በመሆኑም ጤነኛ ሞተር እዚህ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይነካ) ከ9 እስከ 13 ቢያነብ ልኩ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ሁለት ኢንች ያህል ይጨምራል። ለሌላ ከተማ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች መቀነስ ይበቃል። ይህን ያልቆጠረ ሰው ማርቆስ ላይ 13 ሲያይ «ቫልቭ አቃጥሏል፣ ይፈታ» ብሎ ጤነኛ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ያወርዳል። የሲሊንደር መጭመቂያ ግፊትም እንዲሁ በከፍታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይሻላል። በዚህ መኪና ልዩነቱ ከ1 ባር በታች ስለነበር ፒስቶኑና ቫልቮቹ ከጥርጣሬ ወጡ።

የቪትዙ ሞተር በሚኒሞ 12 አነበበ፤ ጥሩ ነው። ዙሩ በደቂቃ ወደ 2,500 ከፍ ተደርጎ ሲያዝ መርፌው መጀመሪያ 13 ነካ፤ ከዚያ ሳይጣደፍ እየወረደ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 7 ላይ ደረሰ። መውጫው ክፍት የሆነ ሞተር ዙሩ ተይዞ ሲቆይ መርፌው ከሚኒሞው ንባብ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይረጋል። እየቆየ የሚወርድ ከሆነ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው።

ለማረጋገጥ የጭሱ ግፊት በቀጥታ ተለካ። ከካታሊቲኩ በፊት ያለው ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚያነበው) ቱቦው ሞቅ እያለ በ22 ቁልፍ ተፈታ፤ በቀዘቀዘ ብረት ላይ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። በቦታው ውስጡ የተቦረቦረ አሮጌ ሴንሰር ገባ። ጥርሱ 18 በ1.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ልክ ይሆናል። ጫፉ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፍሬን ብረት ቱቦ ተበይዶበታል፤ ከዚያ በኋላ ጎማ ቱቦና ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ መለኪያ ይቀጥላል። የብረቱ ቱቦ ርዝመት ሙቀቱን ያበርዳል፤ ጎማውን በቀጥታ ያሰረ ሰው ያቀልጠዋል። ደህና መኪና በሚኒሞ ከ1.5 ፒኤስአይ፣ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 ፒኤስአይ በታች መሆን አለበት። ይህኛው በሚኒሞ 2፣ በ2,500 ዙር 7 አነበበ።

መለኪያ የሌለው ጋራዥም አቅመ ቢስ አይደለም። የፊቱን ሴንሰር ብቻ አውጥቶ ቀዳዳውን ክፍት በመተው አጭር ዳገት መሞከር ይቻላል። ጭሱ በዚያች ቀዳዳ ስለሚተነፍስ የተዘጋ መኪና ወዲያው ጉልበቱ ይሻሻላል። ድምፁ ይጮኻል፤ የሚወጣው ጋዝ እሳት ስለሆነ የሴንሰሩ ሽቦ ወደዚያ እንዳይጠጋ ታስሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሞከራል። ካታሊቲኩን በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግም ይጠቅማል። የሚንኳኳ ነገር ካለ ውስጡ ተሰብሯል። ዝም ካለ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ቀልጦ የተጣበቀ ሴራሚክ አይንኳኳም።

ለምን በረሃው ላይ?

ካታሊቲክ በራሱ አይዘጋም። ውስጡ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ሴራሚክ ነው፤ ግድግዳው ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቶበታል። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሥራ ይጀምራል፤ መንገድ ላይ ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ክልል ይቆያል። ሚስ ያደረገ ሲሊንደር ግን ቤንዚኑንም አየሩንም ሳያቃጥል ወደ ቱቦው ይልካል፤ ያ ድብልቅ የሚቃጠለው ካታሊቲኩ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሲያልፍ የከበሩት ማዕድናት ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ወደ 1,400 ሲጠጋ ሴራሚኩ ራሱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ስካነሩ ከአንድ የደጀን ጉዞ በኋላ ሦስት ኮድ አወጣ፦ ፒ 0300፣ ፒ 0302 እና ፒ 0420። ፒ 0420 «ካታሊቲኩ አይሠራም» ይላል፤ ሰው ሁሉ የሚያየውም እሱን ነው። ፒ 0300 በጥቅሉ ሚስ አለ ይላል፤ ዋናው ግን ፒ 0302፣ የሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ ነው። በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀው) የራሱ ኮይል (ቮልቱን ከፍ የሚያደርግለት) ስላለው፣ ኮይሉም የማቀጣጠያ ኤሌክትሮኒክሱን በውስጡ ስለያዘ በኦም ሜትር መለካት ብዙ አያስተምርም። ሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው ማዘዋወር ይበቃል። ኮዱ ጠፍቶ እንደገና ዳገት ሲወጣ ፒ 0303 መጣ፤ ስህተቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል። ኮዱ በቦታው ቢቀር ኖሮ የሚፈተሸው ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩና ሽቦው ይሆን ነበር።

ካንዴላዎቹም አልተረፉም። ሲወጡ ክፍተታቸው 1.5 ሚሊሜትር ደርሶ ነበር፤ መሆን የነበረበት 1.1 ነው። (የኤንጂኬም ሆነ የዴንሶ ካንዴላዎች ስማቸው መጨረሻ ላይ «11» ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ገበያው ላይ አስመስሎ የተሠራ ስለሚበዛ፣ ሳጥኑን ሳይሆን ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ማየት ይበጃል።)

አሁን ጥያቄው ማርቆስ ከተማ ውስጥ ለምን አይታወቅም ነበር የሚለው ነው። እሳቱ የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት ክፍተቱ ሲሰፋና በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ከፍ ይላል። የአባይ ሸለቆ ወለል 1,000 ሜትር ከፍታን ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ አየሩ ከማርቆሱ ከ15 በመቶ በላይ የጠነከረ ግፊት አለው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሲሊንደሩ በዚያው ልክ ተጨማሪ አየር ይሞላል፤ ካንዴላውም ከሜዳው ይልቅ ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል። በረሃው ይሞቃል፣ የሞቀ ኮይል ደግሞ ይደክማል። ማርቆስ ላይ እንደምንም የሚወጣው እሳት በረሃው ላይ አልወጣም። የባለቤቱ ትዝታ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ሚሱ የሚብሰው ከድልድዩ እንደተነሱ ነበር፣ ወደ ደጀን ሲቃረቡ ይቀንስ ነበር።

ሌላም የሚያባብስ ነገር አለ። ሚስ ያደረገው ሲሊንደር አየሩንም ሳይጠቀምበት ስለሚያስወጣ የፊቱ ሴንሰር ብዙ ኦክስጅን ያያል፤ ኮምፒውተሩም «ቤንዚን አንሷል» ብሎ ይጨምራል። የዚህ መኪና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ 18 በመቶ ጭማሪ ያሳይ ነበር። ለሚነድ ካታሊቲክ ቤንዚን ማቀበል ነው። በጠርሙስ ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል፤ በዚህኛው ጉዳይ ግን ለዚያ ምልክት አልተገኘም።

ኮይሉ በአንድ፣ ካንዴላዎቹ አራቱም በአዲስ ተተኩ። አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪቆም ከተጠመዘዘ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ሚሱ ቆመ። ጉልበቱ ግን አልተመለሰም፤ የቀለጠ ሴራሚክ ተመልሶ አይከፈትም።

ባዶው ቆርቆሮ

አዲስ ካታሊቲክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባለቤቱ መኪናውን ማቆም አልቻሉም። አንድ በያጅ የአሮጌውን ካታሊቲክ ሆድ አውጥቶ መልሶ እንዲገጥመው አደረጉ፤ ሥራውም ያለ ክፍያ ተሠራላቸው። በነጻ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ያ ሴራሚክ በያዛቸው የከበሩ ማዕድናት የተነሳ ገዢ አለው። ሰውየው የወሰደው የእጅ ዋጋውን የሚያስከነዳ ነገር ነው፤ ቢያንስ ባለቤቱ ይህን አውቀው ቢደራደሩ ጥሩ ነበር።

ቆርቆሮው ተቀደደ፣ ሴራሚኩ በፌሮ ብረት ተወቅሮ ወጣ፣ ተበየደ። ጉልበቱ ወዲያው ተመለሰ፤ ካታሊቲክ ማውጣት ሞተር ያጠነክራል የሚለው ወሬ የሚወለደውም ከዚህ ነው። የተመለሰው ግን መዘጋቱ የወሰደው ጉልበት ነው። ጤነኛ ካታሊቲክ በዚህ መጠን ሞተር ላይ የሚወስደው ጉልበት መንገድ ላይ የሚሰማ አይደለም። እንዲያውም ባዶ ቆርቆሮ ከቀጥተኛ ቱቦም ያንሳል፤ ጭሱ ከጠባብ ቱቦ ወጥቶ ሰፊ ክፍል ውስጥ ይሽከረከርና እንደገና ጠባብ አፍ ይፈልጋል።

ብዙ ሳይቆይ መኪናው አራት ችግር ይዞ ተመለሰ። በ2,500 እና በ3,000 ዙር መካከል ጆሮ የሚያደነቁር ጉርምርምታ። ፒ 0420 እንደገና፣ ያውም አሁን በትክክል። መስኮት ተዘግቶ ሲነዳ የራስ ምታት። አራተኛው ያልተጠበቀ ነው፦ ረጅም ዳገት ላይ አሁንም መታፈን።

የራስ ምታቱ ቀልድ አልነበረም። ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ቦታዋ ከወለሉ ሥር፣ የማርሽ ዘንግ ከሚያልፍበት ጎማ አጠገብ ነው። ካታሊቲክ ያልነካው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይይዛል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። አፍንጫ የሚያገኘው አብሮት ያለውን ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ስንጥቁን ለማግኘት የኋላው ቱቦ አፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለሰኮንዶች ተይዞ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ ሲረጩ የሚያረፋው ቦታ ይታያል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚሠራው።

መታፈኑን ለማወቅ ግፊቱ እንደገና ተለካ፤ በ2,500 ዙር 3.5 ፒኤስአይ። ካታሊቲኩ ባዶ ሆኖ ይህ ከየት መጣ? የኋላው ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው) ሲነቀነቅ ተንኮሻኮሸ። በፌሮ የተወቀረው ሴራሚክ ከፊሉ ወደ ኋላ ወርዶ የማርሚታውን ቀዳዳ ቱቦዎች ደፍኖ ነበር። ማርሚታው ወርዶ በታችኛው ጎኑ መስኮት ተከፈተ፤ አንድ እፍኝ የሚያህል ስባሪ ወጣለት፣ ታጥቦ በላሜራ ተዘጋ። ካታሊቲክ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ ከኋላ ያለውን ቱቦ መጀመሪያ መፍታት፣ ስባሪውንም በመግቢያው በኩል ማውጣት አለበት።

በዚህ መካከል ለኋላው ሴንሰር ማራቂያ ቡሎን አስገብቶ መብራቱን ማጥፋት እንደሚቻል ለባለቤቱ ተነግሯቸው ነበር። ይቻላል። ሴንሰሩ ከጭሱ ስለሚርቅ ኮምፒውተሩ ይታለላል። ነገር ግን ያ የሚያጠፋው መብራቱን ነው፤ ድምፁም፣ ጭሱም፣ ስንጥቁም ባሉበት ይቀራሉ። የጭስ መለኪያ በሌለበት የቦሎ ምርመራ ማለፉ መኪናው ደህና ስለመሆኑ ምንም አይናገርም።

አዲሱ ካታሊቲክ

የመጣው ሁለንተናዊ የሚባለው፣ ለየትኛውም መኪና ተቆርጦ የሚበየድ ዓይነት ነው። ሲመረጥ የታዩት ነገሮች፦ ለቤንዚን ሞተር መሆኑ፣ የሴራሚኩ ይዘት ከሞተሩ 1.3 ሊትር ብዙ አለማነሱ፣ የመግቢያው አፍ ከነባሩ ቱቦ ጋር መግጠሙ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቀስት ጭሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ወደ ማርሚታው መዞር አለበት።

ብየዳው ከመኪናው ላይ ተፈትቶ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ተገጥሞ በነጥብ ተያዘ፣ ከዚያ ወርዶ ዙሪያውን ተበየደ። መኪናው ላይ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ሁለቱም ሴንሰሮች ይወጣሉ። የኋላው ሴንሰር መቀመጫ ከሴራሚኩ በኋላ መሆን አለበት፤ ከፊት ከተበየደ ፒ 0420 ለዘላለም አይጠፋም። መጋጠሚያዎቹ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገባባቸው፤ ሲሊኮን አልተቀባም፣ የሲሊኮን ትነት ኦክስጅን ሴንሰርን ይገድላል። ከላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ላሜራም ተመልሶ ታሰረ። ብዙ ጋራዥ «ይንኳኳል» ብሎ ይጥለዋል። በአዝመራ ጊዜ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ግን ያለ እሱ እሳት ያስነሳል፤ መከላከያው እያለም ቢሆን ከዳገት እንደወጡ ጭድ ላይ ማቆም አይገባም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሳይጋለብ በሚኒሞ እንዲሞቅ ተተወ፤ ሴራሚኩን የያዘው ምንጣፍ ቀስ ብሎ መንፋትና መጨበጥ አለበት። ከዚያ የተገኘው ንባብ፦ የጭስ ግፊት በሚኒሞ 0.5፣ በ2,500 ዙር 2 ፒኤስአይ። ቫኪዩም 13 ላይ የተረጋ። የፊቱ ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሲመላለስ የኋላው 0.65 አካባቢ ቆመ። ሁለቱ እኩል ቢመላለሱ ኖሮ አዲሱ ካታሊቲክ ዋጋ የለውም ማለት ነበር። የነዳጅ ማስተካከያው ወደ 3 በመቶ ወረደ። ማርቆስ ላይ ይህ ሁሉ ቢታይም ፈተናው ያለው በረሃው ላይ ስለሆነ መኪናው እስከ ድልድዩ ወርዶ ወጣ። ቀላል በሆነው ዳገት ሦስተኛ ማርሽ ያዘ፣ ደጀን ላይ ቆርቆሮው አልቀላም፣ ኮድ አልተመዘገበም።

ለባለቤቱ የተነገሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳይያዝ) አለመውረድ። ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ፔዳሉ ተለቆ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይቆርጣል፤ በፎሌ ግን ሚኒሞውን ለመያዝ ይጠጣል፣ ፍሬኑም ይግላል። ሁለተኛው፣ ሚስ የሚያደርግ ወይም አልነሳ ያለ መኪናን እየገፉ ለማስነሳት አለመታገል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሁሉ የሚጠራቀመው ካታሊቲኩ ውስጥ ነው። የቀሩት ሦስት ኮይሎች ከተለወጠው ጋር እኩያ ዕድሜ ያላቸው ስለሆኑ፣ አንድ ትርፍ ኮይልና 10 ቁልፍ መኪናው ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ በረሃው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥግ ይዞ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።